ስም የማይጠየቅበት መጽሔት

ባለፈው ሚሚን የተውናት ከኮፒ ማሽኑ ሥር ትኩስ ወረቀት እየለቀመች፣ እንባዋን በማሽኑ ሙቀት እያሳበበች ነበር። ዛሬም እዚያው ናት። «ወረቀት ደግሞ ምን ያስለቅሳል?» የምትሉ ካላችሁ ያስለቅሳል እንጂ! ያለፈውን ሳይሰማ የመጣ ሰው ግራ ሲገባው ማየት ስለማልወድ ግን፣ ነገሩን ከሥር ከሥሩ ልናገር።

ሞያሌ፣ በኬንያ በኩል፣ ሎሪዎች ከሚቆሙበት ሜዳ ፊት ለፊት የአቶ ኃይለማርያም ሆቴል አለ። በሆቴሉ ጎን አንዲት ጠባብ ክፍል አለች፤ በር የላትም፣ መጋረጃ ብቻ ነው ያላት። ውስጧ አንድ ኮምፒውተርና አንድ ኮፒ ማሽን ተቀምጠዋል፤ መብራት ከማዶ ከኢትዮጵያ በኩል ሲመጣ ይሠራሉ፣ ሲሄድ ይተኛሉ። የክፍሏ ባለቤት ሚሚ ናት፣ የአቶ ኃይለማርያም አንድ ልጅ። ቀኑን ሙሉ ለሰው ማመልከቻ ስትጽፍ ትውላለች። ከሁሉ አብልጣ የምትወደው ሥራዋ ግን ምንም የማይከፈልበት ነው፤ በወር አንዴ የምትወጣውን «ማዶ» የተባለች የሥነ ጽሑፍ መጽሔት መተየብ።

«ማዶ»ን የሚያዘጋጃት ደምለው ነው። ቀን በሐጂ መሐዲ የጨርቅ መደብር ይሠራል፣ ከሥራ መልስ ደግሞ በየቦታው የተጻፈውን ይሰበስባል። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ሲያፍር ጆሮው የሚቀላ ሰው። ዘመድ የለውም፤ ከኢትዮጵያ ሲሰደድ ወላጆቹን መንገድ ላይ አጥቶ፣ ዋልዳ በተባለ የስደተኞች ካምፕ ውስጥ ያደገ ነው። ሚሚ ከወደደችው ቆይታለች። አቶ ኃይለማርያም ደግሞ ልጃቸውን ለአንድ ባለ ሎሪ ሊድሩ ካሰቡ ቆይተዋል። ይኸው ነው ጣጣው።

የ«ማዶ»ን ልማድ ደግሞ ስሙልኝ። እዚያ አገር አማርኛ የገበያው ቋንቋ ነው፤ ቦረናው፣ ገሪው፣ ቡርጂው፣ ሁሉም ይገዛበታል፣ ይሸጥበታል፣ ይጣላበታል። ፊደሉን ማንበብ ግን ለብዙው አይሆንለትም። ስለዚህ መጽሔቷ በየወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ፣ በአቶ ኃይለማርያም በረንዳ ላይ፣ ከዳር እስከ ዳር ጮክ ተብላ ትነበባለች። አንባቢው ደምለው ነው። ኦቦ ኤሌማ፣ ጎዶማ ከሚባለው ሠፈር የመጡት ከብት ነጋዴ፣ ከኋላ ለተቀመጡት ወደ ኦሮምኛ ይመልሳሉ፤ ሲመልሱ የራሳቸውን ስለሚጨምሩበት ከኋላ ያለው ሁልጊዜ ከፊተኛው አብልጦ ይስቃል። ሁለተኛው ልማድ ደግሞ ጥብቅ ነው፤ በ«ማዶ» ላይ ማንም በስሙ አይጽፍም፤ ጸሐፊውም ማን እንደሆነ አይጠየቅም። ጽሑፉ በሚሚ ክፍል መስኮት ሥር በተሰቀለች ሣጥን ውስጥ ይጣላል፣ ሚሚ ትተይበዋለች፣ በቃ።

እንግዲህ ዓመት ሊሞላው ነው፣ «ከሎሪው ጀርባ» የሚባል ተከታታይ የፍቅር ታሪክ በየወሩ ይወጣ ነበር። ሱራ የሚባል ዘመድ አልባ ጫኝና አውራጅ የአንድ ነጋዴ ልጅ ይወዳል፤ አባትየው «ወገኑ የማይታወቅ!» ይላል። ከተማው በዚህ ታሪክ አብዷል። ማን እንደጻፈው ማንም አያውቅም። እኔ ግን ልንገራችሁ፣ ከእናንተ ጋር ምን መደባበቅ አለ፤ የጻፈችው ሚሚ ናት። በሣጥኑ ውስጥ ምንም አልጣለችም፤ ከሌላው ጽሑፍ ጋር አብራ በቀጥታ ትተይበዋለች። የጻፈችውም ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ያም ሰው በየወሩ ተነሥቶ፣ ድምፁን ጠርቶ፣ ለሰው ሁሉ ያነበዋል፤ ለራሱ ግን አንዲት ቃል ጠብ አላለችለትም!

ዛሬ ደግሞ የአሥረኛ ዓመቱ ልዩ እትም ነው። ደምለው የመጽሔቷን ታሪክ ጽፎ ሰጥቷታል፤ ሚሚም እየተየበች፣ ስሟን ትፈልግ ነበር። የለም። ወረቀት የሰጠው አለ፣ ወተት ያመጣው አለ፤ ዓመታት ሙሉ አንገቷ እስኪደነዝዝ የተየበችው ሴት የለችም። ያስለቀሳት ይኸው ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በረንዳው ጢም ብሎ ሞላ። ደምለው ቆመ።

«‹ማዶ› የተወለደችው ዋልዳ ውስጥ፣ ከዱቄት ከረጢት በተቀደደ ወረቀት ላይ ነው» ብሎ ጀመረ። «በእጅ ጽፈን በካርቦን እናባዛታለን። ቅጂው ጥቂት፣ ሰው ብዙ፣ ፋኖስ ያለው ደግሞ ከስንት አንድ። ስለዚህ ‹አንዱ ያንብብ፣ ሌላው ይስማ› ተባለ። ካምፑ ውስጥ ወታደር የነበረ አለ፣ ወታደር ያሳደደው አለ፤ ጎን ለጎን ነው የሚተኙት። ሰው ስሙን ቢጽፍ ማን እንደሚሰማው አያውቅም። ስለዚህ ‹ጽሑፉን እንስማ፣ ጸሐፊውን አንጠይቅ› ተባባልን። እንዲህ ሆኖ አብረው ቁጭ ብለው መስማት የማይችሉ ሰዎች አብረው ሰሙ።»

«ኤዬ! እውነት ነው!» አሉ ኦቦ ኤሌማ። ከኋላ የተቀመጡት ሳይተረጎምላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ካምፑ ሲበተን ገሚሱ ወደ አገሩ፣ ገሚሱ ወደ ሌላ ካምፕ ሄደ። እኔ የተረፉትን ቅጂዎች በብርድ ልብስ ጠቅልዬ፣ በከብት ሎሪ ላይ ሞያሌ ገባሁ። ሐጂ መሐዲ ማደሪያና ወረቀት ሰጡኝ። አቶ ኃይለማርያም ይህን በረንዳ። ኦቦ ኤሌማ የቦረናን የከብት ዘፈን አፍ በአፍ ነግረውኝ ጻፍኩት። እማማ ዓምበሮ የግመል ወተት ሳያጓድሉ አበሉኝ...»

«አጠጣሁት እንጂ ምን አበላሁት!» አለች ዓምበሮ ወተት ሻጯ ከበሩ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ሚሚ ብቻ ከመጋረጃዋ ሥር ሆና አልሳቀችም።

ቀጥሎ «ከሎሪው ጀርባ» ተነበበ። በዚህኛው ክፍል ሱራ ከተጫነ ሎሪ ሥር ተቀምጦ ለራሱ ያወራል። «ሽማግሌ ልልክ እንዳልል ማንን ልላክ? አባት የለኝ፣ አጎት የለኝ። ሰው ያለው ሰው ይልካል፤ እኔ ማንን ልላክ?» ደምለው እዚህ ላይ ሲደርስ ድምፁ ትንሽ ተሰበረ። ሐጂ መሐዲ በኮፍያቸው ዓይናቸውን ጠረጉ። አቶ ኃይለማርያም ደግሞ ከገንዘብ መቀበያው ኋላ ሆነው ጠረጴዛውን በቡጢ መቱት።

«አረመኔ!» አሉ። «ያ አባት ልብ የሌለው አረመኔ ነው! ልጁ ምን ጎደለው? ሠርቶ የሚበላ፣ ጨዋ ልጅ!»

«ወላሂ እውነት ነው» አሉ ሐጂ።

ደምለው መጽሔቷን አጠፋት። ወዲያው አልተቀመጠም። «አንድ ነገር ልናገር» አለ። «ኢሲዮሎ ከተማ ሥራ አግኝቻለሁ። ሰኞ ጠዋት በሚነሳው ሎሪ እሄዳለሁ። ‹ማዶ›ን ሌላ ሰው ያንብባት። ለሁሉም ነገር አመሰግናለሁ።» ይህን ሲል ወደ መጋረጃው አንዴ አየና ዓይኑን ሰበረ። ሚሚ እጇ ላይ የነበረው የወረቀት ክምር ሲበተን አልታወቃትም፤ የታወቃት ደረቷ ውስጥ የሆነ ነገር ባዶ መቅረቱ ብቻ ነው።

ሰው ተበትኖ ሲያልቅ ደምለው ወደ ክፍሏ መጣ። ጎንበስ ብሎ የወደቁትን ገጾች መልቀም ጀመረ። እሷም ጎንበስ አለች። አንድ ገጽ ላይ እጃቸው ተገናኘና ሁለቱም ለቀቁት።

«ሳትነግረኝ» አለች።

«ዛሬ ነገርኩ።»

«ለበረንዳው ነው የነገርከው። ለእኔ አልነገርክም።»

ደምለው ገጾቹን አስተካክሎ ጠረጴዛ ላይ አኖረ። ጆሮው ቀልቷል። «ሚሚ፣ ሕጉን አልጥስም፤ ስሙን አልጠይቅሽም» አለ። «ግን ‹ከሎሪው ጀርባ›ን የሚጽፈውን ሰው ታውቂዋለሽ አይደል?»

የሚሚ ልብ ዘለለ። ገባው ማለት ነው! እግዚአብሔር ይመስገን፣ በስንት ጊዜው ገባው! «አውቀዋለሁ» አለች፣ ፈገግታዋን ማፈን እያቃታት።

«ልጅቷ... አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«እንደዚያ መስሎኝ ነበር።» ደምለው በረዥሙ ተነፈሰ። «የሚጽፈው ሰው ጥሩ ሰው ነው?»

እየቀለደ መሰላት። ቀልዱን በቀልድ መለሰችለት። «ጥሩ ነው፤ ግን ፈሪ ነው። በአፉ መናገር ስላቃተው ነው የሚጽፈው።»

«ይወድሻል። አንባቢው እኔ ነኝ፣ አውቃለሁ።» ድምፁ ሁልጊዜ ሲያነብ እንደሚሆነው ጥርት ያለ ነበር፤ ፊቱ ግን አመድ መስሏል። «ደስ ይበልሽ ሚሚ። ከልቤ ነው።» ብሎ መጋረጃውን ገልጦ ወጣ።

ሚሚ እንዳጎነበሰች ቀረች። «ደስ ይበልሽ» ምን ማለት ነው? ገብቶት ነው ወይስ... ኧረ በስመ አብ! ዘግይቶ ብልጭ አለላት። ይህ ሰው ሌላ ወንድ የሚጽፍላት መስሎት ነው! ሮጣ በረንዳው ላይ ብትወጣ አባቷ እዚያ ቆመው ከአንድ ሾፌር ጋር ያወራሉ። ልትጣራ አፏን ከፈተች፤ ሴት ልጅ በሾፌር ፊት፣ በአባቷ ፊት፣ ወንድ ልጅ ተከትላ «ና የወደድኩህስ እኔ ነኝ» ልትል? አፏን መልሳ ዘጋችው። በራሷ ላይ እንደዚያን ቀን ተናዳ አታውቅም።

እሑድ አቶ ኃይለማርያም ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው ነጠላቸውን ሳያወልቁ፣ ሦስት ሰዎች ወደ ሆቴሉ ገቡ። ኦቦ ኤሌማ ከአፋቸው የማይለየውን መፋቂያ አውጥተዋል፤ ሐጂ መሐዲ የዒድ ካባቸውን ለብሰዋል፤ እማማ ዓምበሮ የወተት ዕቃዋን የት እንደጣለችው እንጃ፣ ባዶ እጇን ናት።

«ግቡ፣ ግቡ! ካሪቡ!» አሉ አቶ ኃይለማርያም። «ሻይ አምጡ! የተጠበሰ ማንዳዚ ዳቦ፣ ትኩስ አለ!»

ማንም አልተቀመጠም።

«አንቀመጥም» አሉ ኦቦ ኤሌማ።

«ሻይም አንጠጣም» አለች ዓምበሮ።

አቶ ኃይለማርያም ደነገጡ። እነዚህ ሦስት ሰዎች ሆቴሉ ከተከፈተ ጀምሮ ሻይ እምቢ ብለው አያውቁም። «ምነው፣ ሰው ሞተ እንዴ?» አሉ።

«ኧረ ሰው አልሞተም» አሉ ሐጂ ጉሮሯቸውን እየጠራረጉ። «ሽማግሌዎች ነን። ልጅህን ሚሚን ለልጃችን ልንለምን ነው የመጣነው።»

ሚሚ ይህን ጊዜ ከመጋረጃው ጀርባ ነበረች። ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም፤ ደምለውን ለማግኘት ምክንያት እያሰበች ቁጭ ብላለች። አሁን የሰማችው ነገር እግሯን አሰረው።

«ለየትኛው ልጃችሁ?» አሉ አባቷ። «ኦቦ ኤሌማ፣ የአንተ ልጆች ሁሉ አግብተዋል። ሐጂ፣ የእርስዎ ልጆች ደግሞ...»

«ለደምለው ነው» አሉ ኦቦ ኤሌማ። «ልጁ ዓመት ሙሉ እዚሁ በረንዳህ ላይ ቆሞ ሲለምነን ከረመ። ‹ማንን ልላክ፣ ማንን ልላክ› እያለ! እኛም ኤዬ እያልን ሻይ ስንጠጣ ከረምን። ትናንት ‹እሄዳለሁ› ሲል ነው ያፈርነው። ሰው እያለ ሰው አጥቶ ሊሄድ!»

«እሱ ያነበበው የሱራን ታሪክ ነው!»

«ሱራ ማን ነው ታዲያ?» አለች ዓምበሮ። «ያነበበው እሱ፣ የጻፈው እሱ። ሎሪው እዚህ ደጅ፣ ነጋዴው አንተ፣ ልጅቷ እዚያ መጋረጃ ውስጥ! ይሄን ለማወቅ ፊደል መቁጠር ያስፈልጋል?»

ሚሚ አፏን በሁለት እጇ ያዘች። ሊያስቃትም ሊያስለቅሳትም ነው። ዓመት ሙሉ እንዲገባው የጻፈችለት ሰው አልገባውም፤ እነዚህ ፊደል የማያነቡ ሰዎች ገባቸው። የገባቸው ግን ተገልብጦ ነው! ደምለው የጻፈው መስሏቸው፣ ደምለው ሳያውቅ፣ የደምለው ሽማግሌ ሆነው መጡ።

አቶ ኃይለማርያም ነጠላቸውን አጣፉ። «እስቲ ቆይ። ሐጂ፣ እርስዎ ሙስሊም ነዎት። ኤሌማ የዋቃ እምነት ተከታይ ነህ። እማማ ዓምበሮ ሴት ነሽ። ይህ ምን ዓይነት ሽምግልና ነው?»

«ያለነው እኛ ነን» አለች ዓምበሮ። «ሌላ ካለህ አምጣውና አብሮን ይቁም፤ ቦታ አለ።»

«ወገኑን አላውቅም! እኛ ዘንድ ሰባት ቤት ይቆጠራል። አባቱ ማን ነው? አያቱ ማን ነው?»

«ትናንት» አሉ ሐጂ በጣም ቀስ ብለው፣ «ስለዚያ አባት ምን ነበር ያልከው፣ ኃይሌ?»

አቶ ኃይለማርያም አሳሉ። «እሱ... ልቦለድ ነው።»

«ጠረጴዛውን ስትደበድብ ልቦለድ አልነበረም!»

ከወጥ ቤት የሚሰሙት ሠራተኞች ሳቁ። አቶ ኃይለማርያምም ሳይወዱ ከንፈራቸው ዳር ላይ ሳቅ መጣና ዋጡት። «እሺ» አሉ። «ልጁ ይጠራ። እሱ ራሱ ፊቴ ቆሞ ይናገር።»

ደምለው ሣጥኑን ሎሪ ላይ ሲያስጭን ነው የተገኘው። አቧራ እንደለበሰ ገባ። ሦስቱን በተርታ ቆመው ሲያይ ግራ ተጋባ።

«እነዚህን ሽማግሌዎች የላክሃቸው አንተ ነህ?» አሉ አቶ ኃይለማርያም።

«ሽማግሌ? እኔ? ኧረ አልላክሁም ጋሼ።»

«ልጄን ለአንተ እየለመኑ ነው። ያ ሱራ የሚባለው አንተ ነህ አሉ። እውነት ነው? ያን ታሪክ የጻፍከው አንተ ነህ?»

ደምለው ሦስቱን ሽማግሌዎች አያቸው። ዓይኑ እንባ ሞላ። ሰው ቆሞለት አያውቅም፤ እንዲህ ሦስት ሆኖ፣ ተሰልፎ፣ ለእሱ ብሎ ሻይ እምቢ ያለ ሰው ኖሮት አያውቅም። «አዎ» ቢል አለቀ። ኦቦ ኤሌማ ራሱ በዓይናቸው «በል እንጂ!» ይሉታል። ሚሚ መጋረጃውን ጨምድዳ ያዘች።

«አይደለሁም» አለ ደምለው። «እኔ አልጻፍኩትም። የሌላ ሰው ልብ ነው። ‹የእኔ ነው› ብል ሌባ እሆናለሁ።»

ኦቦ ኤሌማ ሳያስቡት ወንበር ላይ ዝርግት አሉ። ዓምበሮ በክርኗ ጎሸመቻቸውና ብድግ አሉ።

«ታዲያ ማን ነው የጻፈው?» አሉ አቶ ኃይለማርያም።

«በ‹ማዶ› ሕግ ስም አይጠየቅም ጋሼ። ጠይቄም አላውቅም። ግን ማንም ይሁን ማን...» አቧራውን ከልብሱ አራገፈና እንደገና ጀመረ። «ማንም ይሁን ማን፣ ልጅዎን በጣም ይወዳታል። ዓመት ሙሉ ቃሉን ሳነብ ስለነበር አውቀዋለሁ። ዘመድ ባይኖረውም አይናቁት። ከመጣ ለእሱ ይስጧት።»

ለእሱ! ሚሚ ከዚህ በላይ አልቻለችም። አሳልፎ ሲሰጣት! ለማን? ለሌለ ሰው! መጋረጃውን ስትገልጠው ከነዘንጉ ወረደ።

«ለእሱ ለማን?» አለች። ድምፅዋ ከወጥ ቤት አልፎ ሜዳው ላይ ተሰማ። «ጎበዝ፣ ለማን ነው የምታከፋፍለኝ? እኔ ነኝ!»

«ሚሚ!» አሉ አባቷ።

«የጻፍኩት እኔ ነኝ። ስም አይጠየቅም ነው የተባለው፣ አይነገርም አልተባለም። ሱራን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ሱራ ደግሞ አንተ ነህ፣ አንተ ደንቆሮ! በየወሩ ጻፍኩልህ። በየወሩ በገዛ አፍህ አነበብከው። ድንጋይ እንኳ ቢሆን ይሰማ ነበር!» እንባዋ ወረደ፤ አልጠረገችውም። «አባባ፣ ይቅር በለኝ። ሴት ልጅ እንዲህ አትልም፣ አውቃለሁ። ግን ሎሪው ነገ ጠዋት ይነሳል።»

ደምለው አፉን ከፍቶ ቆሟል፤ ጆሮው ብቻ ሳይሆን አንገቱ ድረስ ቀልቷል። «አንቺ?» አለ። «ያ ሁሉ... አንቺ?»

«እኔ። በታሪክህ ውስጥ ግን የለሁም! ወተቱ አለ፣ በረንዳው አለ፤ እኔ የለሁም። ምን አደረግሁህ?»

«አሥሩን ዓመት በሦስት ገጽ ጻፍኩት» አለ ደምለው። ቃሉ እየተደነቃቀፈ ነበር የሚወጣው። «አንቺ ጋ ስደርስ ግን አላልቅ አልሽኝ። ‹ተየበችልን› ብዬ ልለፍ አልኩ፤ አልሆነም። አንዱን ገጽ ስጨርስ ሌላ ገጽ ሆንሽ። የመጽሔቷ ታሪክ ቀርቶ የአንቺ ታሪክ ሆነ። ሰው ፊት ቆሜ እንዴት አነበዋለሁ? የሰው እጮኛ ነሽ ብዬ... ቀደድኩት። ሚሚ፣ ኢሲዮሎ ሥራው አይደለም የወሰደኝ። አንቺን ሌላ ሰው ሲያገባሽ ማየት አቅቶኝ ነው።»

እማማ ዓምበሮ በሻሽዋ ጫፍ ተናፈጠች። ኦቦ ኤሌማ ለማንም ሳይሆን ለልማዳቸው ሲሉ ሁሉንም ወደ ኦሮምኛ መለሱት።

አቶ ኃይለማርያም ግን ልጃቸውን ብቻ ነበር የሚያዩት። «ያ ልብ የሌለው አባት እኔ ነኝ ማለት ነው?» አሉ። ተቆጥተው አልነበረም። የተጎዳ ሰው ድምፅ ነበር፤ ሚሚን ከቁጣው ይልቅ ያ አሳመማት።

«አይደለህም አባባ። ብነግርህ ምን እንደምትል ፈርቼ ነው እንደዚያ የጻፍኩት። ሳልጠይቅህ ፈረድኩብህ። ትናንት ስትናደድለት ስሰማ ነው ያፈርኩት።»

«ዓመት ሙሉ» አሉ ወደ ሐጂ ዘወር ብለው፣ «በገዛ በረንዳዬ፣ በገዛ ልጄ ስሰደብ፣ ሻይ እያቀረብኩ አጨበጨብኩ!» ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሚሚ የሚያለቅሱ መስሏት ተጠጋች፤ ስታያቸው እየሳቁ ነው። ከሳቁ ጋር እንባውም መጣ፤ ሁለቱን መለየት አልተቻለም። ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ወሰዱ።

ሲያበቁ ደምለውን ረዘም አድርገው አዩት። «ባዶ እጅህን ቆመህ፣ ልጄን ሊያሰጥህ የሚችል ውሸት በእጅህ መጥቶልህ አልዋሸህም» አሉ። «የባለ ሎሪውን አባት አውቃለሁ፣ አያቱንም አውቃለሁ። እንዲህ እንደሚያደርግ ግን አላውቅም።» ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። «ተቀመጡ።»

«በምን መልስ ነው የምንቀመጠው?» አለች ዓምበሮ። እሷን የሚያታልላት የለም።

«ወግ ወግ ነው፤ ዘመድ አማክሬ በቀጠሮ ነው የምመልሰው። አንድ ቄስም ይጨመርላችሁ። ግን ተቀመጡና ሻይ ጠጡ፤ እኔም አብሬያችሁ እጠጣለሁ። አሁን ገባሽ?»

ገባት። ሦስቱም በአንድ ጊዜ ተቀመጡ፤ ሐጂ «አልሐምዱሊላህ፣ እግሬ ሊሰበር ነበር!» አሉ። እናንተዬ፣ በዚያች ከተማ እንደዚያን ዕለት ሻይ ጣፍጦ አያውቅም ቢባል ማጋነን አይደለም።

«አንተ ደግሞ ምን ቆመሃል?» አሉ አቶ ኃይለማርያም ደምለውን። «ሂድና ሣጥንህን ከሎሪው ላይ አውርድ!»

ከሰዓት በኋላ ደምለው መጋረጃውን ሊሰቅል መጣ። ዘንጉን በሚስማር መታ፣ ጨርቁን አስገባ፣ ወረደ። ከዚያ የሚሠራው ነገር አለቀበትና በሩ ላይ ቆመ። ሚሚ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጣለች፤ መብራት ጠፍቷል፣ እሷ ግን እጇ ቁልፎቹ ላይ ነው። ከሆቴሉ በኩል የሽማግሌዎቹ ሳቅ ይሰማል፤ ኦቦ ኤሌማ የጠዋቱን ነገር ለአዲስ ደንበኛ እየተረኩ ነው፤ እንደ ልማዳቸው ጨምረውበታል።

«ቀንቼ ነበር» አለ ደምለው።

«በማን?»

«በዚያ በሚጽፈው ሰው። በየወሩ ሳነበው ‹ምነው እንዲህ መናገር በቻልኩ› እል ነበር። በጥላቻ ነበር የማነበው።»

ሚሚ ሳቀች። «በእኔ ነው የቀናኸው። በእኔ ቀንተህ ከእኔ ልትሸሽ ነበር!»

እሱም ሳቀ። ደምለው ወንበሯ አጠገብ በርከክ አለ። ዓይኖቻቸው እኩል ሆኑ። ሲተያዩ ስንት ዓመት ነው፤ እንዲህ ዓይናቸውን ሳይሰብሩ፣ ሳይቸኩሉ ተያይተው ግን አያውቁም።

«አንድ ነገር ልለምንሽ» አለ። «እስከ ዛሬ ያልሽኝን ሁሉ በራሴ ድምፅ ነው የሰማሁት። እኔው አንብቤ፣ እኔው ሰምቼ፣ ለሌላ ሰው መስሎኝ ቀረ። አንዴ ብቻ ባንቺ ድምፅ ልስማው።»

ሚሚ በጽሑፍ ስንት ገጽ ሞልታ፣ ሰው ሁሉ እስኪያለቅስ ድረስ ጽፋ፣ አሁን ሁለት ቃል አጣች። እጇን ከቁልፎቹ ላይ አነሳች። ጣቶቿ የሚያርፉበት አጡና እጁ ላይ አረፉ።

«እወድሃለሁ» አለች። «ደምለው፣ እወድሃለሁ።»

ከተማውን ሁሉ በድምፁ ሲያስለቅስ የኖረው ሰው መልስ ሊሰጥ አፉን ከፈተ፤ ድምፅ አልወጣውም። ራሱን ብቻ ደጋግሞ ነቀነቀ። ሚሚም ሌላ ቃል አልፈለገችም። ፍርሃቱ ከልቧ ወጥቶ ሄዷል፤ በቦታው ሰላም ገብቷል፤ ልቧ ሞልቶ እጁን እንደያዘች ቁጭ አለች።